ትራውትና ኦታኒን ይዞ መሸነፍ፦ ስኳድ የሚሰራው ከስር ነው

ስለ ቤዝቦል ቡድን ሲወራ ሁሌ የሚቀድመው ኮከቡ ነው፣ ማነው ምርጡ፣ ስንት ሆምረን (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) መታ፣ ስንት ሚሊዮን ፈረመ ምናምን። እኔ ግን አንድ ቡድን ዘንድሮ የት ይደርሳል ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የማየው ከስር ያሉትን ነው። ሜጀር ሊግ (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ) ላይ ሮስተሩ፣ የቡድኑ የተጫዋቾች ዝርዝር፣ 26 ሰው ነው አይደል፣ ከ18ኛው እስከ 26ኛው ያሉት እነማን ናቸው? አንዱ ቢጎዳ ከማይነር ሊግ (ከታችኛው ሊግ) ተጠርቶ የሚመጣውስ ማነው? ይሄን ያስተማረኝ የምደግፈው ቡድን ነው፣ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ። በጣም ስለምወደው ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

እስቲ አስቡት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከ2018 እስከ 2023 ማይክ ትራውትና ሾሄይ ኦታኒ አንድ ማልያ ለብሰዋል። ትራውት ሶስቴ ኤምቪፒ (የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የሆነ ሰው ነው፣ ኦታኒ ደሞ እኛ ጋር እያለ ብቻ ሁለቴ፣ በ2021 እና በ2023፣ ሁለቱንም በሙሉ ድምጽ። በነዛ ስድስት ሲዝን ፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ውድድር) አንድም ጊዜ አልገባንም። ፕሌይኦፉ ይቅር፣ ያሸነፍነው ከተሸነፍነው የበለጠበት አንድ ሲዝን እንኳን የለም። ሁለቱ የተገናኙበት ትልቁ መድረክ አንዱ በአንዱ ላይ ሆኖ ነው፣ በ2023 የወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ ፋይናል ኦታኒ ለጃፓን ሲወረውር ትራውት ለአሜሪካ ሊመታ ቆሞ፣ ጃፓን 3 ለ 2 እየመራች፣ ሶስት ቦል ሁለት ስትራይክ ላይ ደርሰው ኦታኒ በመጨረሻዋ ኳስ ስትራይክአውት አደረገው፣ ሳያስመታ አስወጣው። ሁለቱም የኛ ልጆች ናቸው እኮ! እንደዛ ያለ ጨዋታ ላይ ግን በኛ ማልያ አይተናቸው አናውቅም።

ሰው ይሄን ሲሰማ እርግማን ነው ይላል፣ እኔ ግን ሂሳብ ነው ባይ ነኝ። ቅርጫት ኳስ ላይ ጨዋታው ሲከብድ ኳሱን ለኮከብህ ሰጥተህ ዞር ትላለህ። ቤዝቦል ላይ እንደዛ የለም፣ ተራ ነው። ዘጠኝ ሰው ተራ በተራ ይመታል፣ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር) ላይ በአንድ ነጥብ እየተመራህ ተራው የደረሰው ደካማው ከሆነ የሚመታው ደካማው ነው፣ ትራውት ቁጭ ብሎ ነው የሚያየው። ቀይረህ አስገባ ብትለኝ የምትቀይረው ከቤንች ነው፣ ቤንችህ ባዶ ከሆነስ? አንድ ቡድን በሲዝን ወደ 6,100 ጊዜ ለመምታት ይቆማል፣ ኮከብህ ሳይጎዳ ዓመቱን ሙሉ ቢጫወት ከዛ ውስጥ 700 ገደማው ነው የሱ። ፒቸር (ኳስ ወርዋሪው) ጋር ስትመጣም ያው ነው፣ በዓመት የሚወረወረው ወደ 1,450 ኢኒንግ ነው፣ በዚህ ዘመን 200 የወረወረ ሰው ጀግና ነው የሚባለው። ሌላውን ማን ይወርውርልህ?

ዋር የሚባለውን ስታት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ተጫዋች ከየትም በርካሽ ከሚገኝ ተተኪ በላይ ለቡድኑ ስንት ድል ይጨምራል የሚለውን የሚገምት ቁጥር ነው። በዛ ስሌት እንዲህ ባሉ ተተኪዎች ብቻ የተሞላ ቡድን ከ162 ጨዋታ 47 ወይ 48 ያሸንፋል። እሺ፣ አስር አስር ድል የሚጨምሩ ሁለት ሰዎች ጨምርበት፣ አስር ማለት የኤምቪፒ ዓመት ማለት ነው፣ ገና 68 ላይ ነህ። ፕሌይኦፍ ለመግባት ደሞ ወደ 90 መጠጋት አለብህ። ስለዚህ የቀሩት 24 ሰዎች በድምሩ 20 ድል ማምጣት አለባቸው፣ ይሄ ደሞ የማይቻል ነገር አይደለም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ድል የሚጨምሩ 13 መካከለኛ ተጫዋቾች ካሉህ ጨረስክ። እኛ ያጣነው እነሱን ነው። ያውም ትራውት ጤነኛ ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ፣ በ2021 የተጫወተው 36 ጨዋታ ብቻ ነበር።

የ2023ቷን ጁላይ መቼም አልረሳትም። የዝውውር መዝጊያው እየቀረበ ነው፣ የኦታኒ ኮንትራት ሊያልቅ ነው፣ ሽጡት አትሽጡት ተብሎ አገር ይጨቃጨቃል። ክለቡ አንሸጥም አለ፣ ጭራሽ ተስፋ የተጣለበትን ወጣት ካቸር (የፒቸሩን ኳስ የሚቀበል) ኤድጋር ኬሮንና ፒቸሩን ካይ ቡሽን ሰጥቶ ከዋይት ሶክስ ሉካስ ጂዮሊቶንና ሬይናልዶ ሎፔዝን አመጣ። በማግስቱ ዲትሮይት ላይ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበር፣ ኦታኒ የመጀመሪያውን ዘጠኙንም ኢኒንግ ብቻውን ወርውሮ አንዲት ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) ብቻ አስመትቶ 6 ለ 0 ጨረሰው፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ሁለተኛው ላይ ገባና ሁለት ሆምረን መታ። አንድ ሰው በአንድ ቀን! እኔ የዛን ቀን በቃ ዘንድሮ ገባን ብዬ ነበር። ከዛ ኦገስት መጣና ተንኮታኮትን፣ ሽንፈት በሽንፈት ሆነ፣ ኦገስት 23 ኦታኒ ክርኑ ላይ ጅማቱ ተቀደደ፣ በወሩ መጨረሻ ክለቡ ጂዮሊቶንና ሎፔዝን ጨምሮ ስድስት ተጫዋች ዌቨር ላይ አስቀመጠና፣ የፈለገ ክለብ ይውሰዳቸው ማለት ነው፣ ክሊቭላንድ ሶስቱን ወሰደ። ሲዝኑን 73 አሸንፈን 89 ተሸንፈን ጨረስን፣ ዲሴምበር ላይ ኦታኒ በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ለዶጀርስ ፈረመ፣ ለኛ የደረሰን አንድ የድራፍት ምርጫ (ከአዲስ ወጣቶች አንዱን የመምረጥ ተራ) ነው።

ብዙ ሰው መሸጥ ነበረባቸው ይላል። እኔ መግዛታቸውን አልጠላውም፣ እንደዛ ያለ ሰው ይዞ ያልሞከረ ክለብ መቼ ሊሞክር ነው። ችግሩ የጁላይ ዝውውር አንድ ወይ ሁለት ቀዳዳ ነው የሚደፍንልህ፣ ስምንት ቀዳዳ አይደፍንም። ስምንቱ የሚደፈነው ከአራት አምስት ዓመት በፊት ነው፣ በድራፍት፣ በማይነር ሊግ አሰልጣኞች፣ ሌሎች ቡድኖች የጣሉትን ሰው አይቶ በማንሳት። ኤንጅልስ በ2021 ድራፍት 20 ምርጫ ነበረውና ሃያውንም ፒቸር መረጠ፣ ሃያውንም! የዓመታት ጉድለትን በአንድ ድራፍት ልሙላ ማለት ይሄ ነው። አንቶኒ ሬንዶንም አለ፣ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈርሞ መጣ፣ እስከ 2025 ድረስ በአንድ ሲዝን ከ58 ጨዋታ በላይ ተጫውቶልን አያውቅም። በሱ ላይ ድንጋይ አልወረውርም፣ የመጣው ናሽናልስ ጋር ዋንጫ በልቶ በምርጥ ዓመቱ ማግስት ነው፣ ጉዳት ደሞ ማንም ላይ ይደርሳል። የኔ ጥያቄ እሱ በወደቀ ቁጥር ሶስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው ማነው የሚለው ነው፣ በነዛ ሁሉ ዓመታት ደህና መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ።

ጉዳት ማለት ደሞ ሌላው ቡድን የማይደርስበት ነገር አይደለም። ብሬቭስ በ2021 ጁላይ ላይ ሮናልድ አኩንያ ጉልበቱ ተበጠሰ፣ የቡድኑ ምርጥ ተጫዋች ነው፣ በቃ አለቀላቸው ተባለ። ጀነራል ማናጀሩ አሌክስ አንቶፖሎስ ምን አደረገ፣ ሌላ አኩንያ ፍለጋ አልሄደም፣ ጆክ ፒደርሰንን፣ አዳም ዱቫልን፣ ኤዲ ሮዛሪዮንና ሆርሄ ሶለርን አመጣ፣ አራት አውትፊልደር (የሜዳውን ጀርባ የሚጠብቁ)፣ አንዳቸውም ያኔ ኮከብ የሚባሉ አልነበሩም። 88 ጨዋታ አሸንፈው ፕሌይኦፍ ገቡ፣ ሮዛሪዮ የናሽናል ሊግ ፋይናል ኤምቪፒ፣ ሶለር የወርልድ ሲሪስ ኤምቪፒ ሆነ፣ ዋንጫውን ወሰዱ። ፓድሬስን ደሞ እዩ፣ ሁዋን ሶቶን ይዘው በ2023 82 አሸነፉ፣ ለያንኪስ ሰጡትና በምትኩ ማይክል ኪንግን ጨምሮ በርከት ያሉ ፒቸሮች ወሰዱ፣ ከነዛ አንዱን መልሰው ዲላን ሲስን ለማምጣት ተጠቀሙበት፣ በ2024 93 አሸነፉ። ሶቶ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ድንቅ መቺ ነው፣ ግን አንድ ትልቅ ቦታ ከፍተው አራት አምስት ትንንሽ ቦታ ሞሉ።

እዚህ ላይ ግን ፍትሃዊ ልሁን፣ የ2023ቱ ፓድሬስ ከውጤቱ የተሻለ ቡድን ነበር፣ በአንድ ነጥብ ልዩነት ካለቁ ጨዋታዎች 9 አሸንፎ 23 ተሸንፏል፣ ይሄ አብዛኛው እድል ነው። የተጫዋች ብቃት ላይም ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋር ይመስለኛል። ኤፕሪል ላይ አንዱ 20 ጨዋታ አሪፍ መታ ተብሎ ኮከብ ተገኘ ይባላል፣ ሌላው 60 ጊዜ ቆሞ ካልመታ ይባረር ይባላል። ሜዳ ውስጥ ከገባች ኳስ ሂት የምትሆነው ወደ 30 ፐርሰንቱ ናት፣ ያቺ ደሞ ግማሽ ሜትር ግራ ወይ ቀኝ በመሄዷ ነው የምትወሰነው፣ ስለዚህ የአንድ ወር አማካይ ብዙ አይነግርህም። እኔ ቶሎ የማየው ስትራይክአውትና ዎክ (አራት መጥፎ ኳስ ትቶ በነጻ ቤዝ መድረስ) ነው፣ መጥፎ ኳስ ላይ ይወዛወዛል ወይስ ይተዋል፣ ሲያገኛት ምን ያህል አጥብቆ ይመታታል። ፒቸር ከሆነ ፍጥነቱ ካምናው ወርዷል ወይ። እነዚህ ከአማካዩ በፊት ነው የሚናገሩት፣ 22ኛውን ሰው ከተጣሉት መሃል ለይተህ የምታወጣውም እነዚህን አይተህ ነው፣ ማክስ መንሲ በ2017 ከኦክላንድ ተባሮ ዶጀርስ ያነሳው ሰው እኮ ነው።

ዶጀርስ በገንዘብ ነው የሚያሸንፈው የሚለኝ ሰው ሁሌ አለ። ገንዘቡ አለ፣ አልካድኩም። ግን የ2025ቱን ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ አስታውሱ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ብሉ ጄይስ 4 ለ 3 እየመራ ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ዋንጫውን ለመውሰድ ሁለት አውት (ሁለት መቺ ማስወጣት) ብቻ ቀርቶት። የሚመታው ኦታኒ አይደለም፣ ፍሪማን አይደለም፣ ሚጌል ሮሃስ ነው፣ በአሰላለፉ ዘጠነኛ፣ የ36 ዓመት ተጠባባቂ። ሆምረን መታ፣ 4 ለ 4። ወዲያው በታችኛው ግማሽ፣ ብሉ ጄይስ ሲመታ፣ ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው በአንድ አውት ኳሷ ወደሱ መጣች፣ ሊወድቅ ሲል ተንገዳግዶ ወደ ሆም (ሯጩ ነጥብ የሚያገባበት ቤዝ) ወረወረና ሯጩን አስወጣው። የቀጣዩን ሰው ረጅም ኳስ ደሞ ለመከላከል ብቻ በዛው ኢኒንግ የገባው አንዲ ፓሄስ ከራሱ ቡድን ልጅ ጋር ተጋጭቶ ያዛት። በ11ኛው ዊል ስሚዝ ሆምረን መታና 5 ለ 4 አለቀ። የፒቸሩን የያማሞቶን ጀግንነት አልረሳሁም፣ ባለፈው ቀን ጀምሮ በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ የጨረሰው እሱ ነው፣ ግን ሮሃስና ፓሄስ ባይኖሩ እሱ የሚጨርሰው ጨዋታ አይኖርም ነበር።

ወደኛ ልመለስና፣ ኤንጅልስ በ2024 99 ጨዋታ ተሸንፏል፣ በክለቡ ታሪክ የከፋው ነው። ግን ዛክ ኔቶ አለን፣ በ2022 ድራፍት ተመርጦ በዓመቱ ሜጀር ሊግ የደረሰ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሶስተኛ ቤዝ መሃል የሚቆም)፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ብሬቭስ አኩንያን በ8 ዓመት 100 ሚሊዮን እንዳስፈረመው በጊዜ ማሰር ነው የሚያዋጣው። ከዛ በተረፈ ትልቅ ስም አምጡልኝ አልልም። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ገብተው ስትራይክአውት የሚያደርጉ ሁለት ፒቸሮች፣ ሴንተር ፊልድ ላይ ሮጦ የሚይዝ አንድ ልጅ፣ ካቸሩ ሲያርፍ የማያሳፍር አንድ ተጠባባቂ፣ ሶልት ሌክ ቢስ የሚባለው የማይነር ሊግ ቡድናችን ውስጥ ደሞ ሲጠሩ የተዘጋጁ ሶስት አራት ሰዎች። ለሚቀጥለው ጁላይ የምጠይቀው ይሄን ነው።