አጥሩ ላይ የቀረው ማስክ

ግቢያችን አጥር ላይ አንድ ማስክ ነበር። የማን እንደሆነ አይታወቅም። በኮሮና ጊዜ ነፋስ አምጥቶት፣ በጆሮ ላስቲኩ ሽቦው ላይ ተጠልፎ ቀረ። ክረምት ዘነበበት፣ በጋ ፀሐይ ወረደችበት፣ ሰማያዊው ቀለም እየነጣ እየነጣ ሄዶ ምን እንደሆነ የማይለይ ነገር ሆነ፣ እኛም ለመድነውና ማየት ተውን። ሰሞኑን አጥሩን ስናድስ ላነሳው ያዝኩት። እንደ ደረቀ ቅጠል እጄ ላይ ፍርክስክስ አለ።

መዳፌ ላይ የቀረው ሲያዩት ዱቄት ይመስላል። ቀረብ አድርጌ ሳየው ግን ጭረት ጭረት ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ ክር። ትንሽ ነፋስ መጣና ወሰደው። ላስቲኩና የአፍንጫው ሽቦ ብቻ ቀሩ።

የቀረውስ የት ገባ?

እውነቱን ለመናገር ማስክ ፕላስቲክ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ፌስታል ፕላስቲክ ነው። ሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ማስክ ግን ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ትንፋሽ ያስገባል፤ ጨርቅ ነዋ! ቤት የተረፈ ስለነበረ ከአንዱ ቁራጭ ቀደድኩና ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ ቢሆን ነድዶ አመድ ይሆን ነበር። ይሄ ግን ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ሲበርድ ጠጠር የመሰለ ጠብታ ሆኖ ቁጭ አለ። (እናንተ አትሞክሩት፣ ጭሱ ደስ አይልም።)

ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። እንግዳ ስም ይመስላል እንጂ እናውቀዋለን፤ እህል የምንይዝበት ማዳበሪያ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ማዳበሪያ ፀሐይ ላይ ሲከርም ምን እንደሚሆን ደግሞ ጣራው ላይ ጣል ያደረገ ሁሉ ያውቃል። ነካ ሲያደርጉት ይበናል።

የማስኩ ይብሳል። ሦስት ድርብ ነው። የውጪና የውስጡ ሻካራ ናቸው። ጉዱ መሀለኛው ላይ ነው። እሱ የሚሠራው ፕላስቲኩ ቀልጦ በኃይለኛ ሞቃት አየር ሲነፋ ነው፤ ክሩ የሸረሪት ድር ያህል እንኳ አይወፍርም። ላስቲክ ማበጠሪያ ፀጉራችሁ ላይ አሽታችሁ ብጣቂ ወረቀት ሲስብ አይታችሁ ታውቁ የለ? መሀለኛው ድርብም እንደዚያ የኤሌክትሪክ ኃይል ተሰጥቶት ብናኙን ይስባል። ከበሽታው የጠበቀን እሱ ነው። ቀጭንነቱ ግን ሌላ መዘዝ አለው። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ፕላስቲክ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል፤ አንድ ሃይላንድ እዚያ እስኪደርስ ስንት ጊዜ መሰባበር አለበት። ማስክ ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ እዚያው አፋፍ ላይ ነው፣ የቀረው መበታተን ብቻ ነው።

ሚላን ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ማስክ ለ180 ሰዓት በፀሐይ ጨረር ውስጥ ያለውን ዓይነት አልትራቫዮሌት ብርሃን አስመቱትና የባሕር ውሃ ውስጥ ከተው አማሰሉት። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በቀን እስከ 173,000 ክር ለቀቀ። አንዱ ማስክ! 180 ሰዓት ማለት እኮ ሳምንት ከምናምን ነው፣ የኛ አጥር ላይ የነበረው ስንት ዓመት እንደተንጠለጠለ አስቡት። ከተማችን ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ፀሐይዋን የቀመሳት ያውቃታል።

ያን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ፣ ወዲያው ማስክ ጠፋ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከዚያ ደግሞ በየመንገዱ እያዞሩ መሸጥ ተጀመረ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ትራፊክ ሲያይ «ማስክ! ማስክ!» ይላል፣ ሁላችንም ከአገጫችን ወደ አፍንጫችን ሳብ እናደርጋለን፣ ካለፍን በኋላ መልሰን እናወርዳለን። አንዱን ማስክ ሳምንት እናደርገው ነበር፣ ቀለሙ እስኪቀየር። ሲያስጠላን ጣልን። የት? እንጃ። ማስክ አድርጉ የሚል ማስታወቂያ በቀን መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ማስኩን እዚህ ጣሉ የሚል ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

እዚህ ከተማ መሬት ላይ የተጣለ ነገር መጨረሻው የታወቀ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ቦይ ውስጥ ይከተዋል፣ ቦዩ ጣና ወይም ዓባይ ይከተዋል። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል መጀመሪያ ይንሳፈፋል። ደንገሉ ሥር ተወትፎ፣ ዳር ዳሩን ከሃይላንድ ጋር ሲዋልል በዓይኔ አይቻለሁ። እያደር አልጌ ሲያበቅል ይከብድና ይሰምጣል፣ ያኔ ሐይቁ የጸዳ ይመስለናል።

የሚገርመው ዓለም ገና ማስክ ፍለጋ ላይ ታች ሲል፣ ይሄ ነገር የማይክሮፕላስቲክ ምንጭ ሊሆን ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ካስጠነቀቁት መሀል አንዱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው። ከዚህ ከኛው ከተማ! በኋላም እሱና ባልደረቦቹ የጣናን ደቡባዊ ዳርቻ እየዞሩ የተጣለ የኮሮና መከላከያ ቆጠሩ፣ ከተገኘው አብዛኛው ማስክ ሆነ። እኔ በዚያው ዳርቻ ስንት ማታ ዎክ አድርጌያለሁ፣ ስለ ጥናቱ የሰማሁት ግን አሁን አጥሩ ካስደነገጠኝ በኋላ ነው።

እምቦጭ ሲመጣ ሁላችንም ጮኽን። አረንጓዴ ነው፣ ይታያል፣ በእጅ ይነቀላል። ይሄን በምን ትነቅለዋለህ?

ዓሣው ጋ መድረሱ አይቀርም። በዝዋይ ሐይቅ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ያውም ከማስኩ ዘመን በፊት በተያዙ ዓሦች፣ ከ100ው 35ቱ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ማስኩ የመጣው እንግዲህ በዚያ ላይ ተደርቦ ነው። ክሩ አንጀት ይሞላል እንጂ ምግብ አይሆንም፣ ጸረ ተባይና ሌላ ኬሚካልም እየተጣበቀበት አብሮ ይገባል። አፈሩስ? ኮሪያ ውስጥ የመሀለኛውን ድርብ ፈጭተው ከአፈር ጋር ሲቀላቅሉት የምድር ትሉ የወንድ ዘር አሠራር ተዛብቷል። ያለ ትል ደግሞ አፈር ምን ያህል አፈር እንደሚሆን ገበሬ ጠይቁ።

ማስክ ማድረጌ አይቆጨኝም። ዛሬ ቢመጣ መልሼ አደርጋለሁ። የሚቆጨኝ ካደረግኩት በኋላ ያለው ነው፤ በተለይ «ላጥበውና ልቆጥብ» ብዬ በሳሙና ያሸሁት። ለካ ስናሸው መሳቡ ይዳከማል፣ ክሩም ከእጣቢው ጋር ይወርዳል። ቆጠብኩ ብዬ የማይጠብቀኝን አድርጌ እዞር ነበር።

ይሄን ሁሉ ትናንት ለእማዬ አወራሁላት። ጥሞና ሰጥታ ሰማችኝ፣ «ወይ ጉድ» እያለች። ዛሬ ጠዋት በርበሬ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ስትሄድ «ከዛ ማስክ ሁለት ስጠኝ፣ ያስነጥሰኛል» አለችኝ። ሰጠኋት። ከሰዓት ተመልሳ ስትገባ፣

«ማስኩን የት ጣልሽው?» አልኳት።

«ምን ያስጥለኛል፣ አዲስ እኮ ነው!» አለች።

ጓሮ ዞር ብዬ አየሁ። ሁለቱም ታጥበው፣ በርበሬው ትንሽ እንዳቀላቸው፣ የልብስ ገመዱ ላይ ፀሐይ ተሰጥተዋል።