ከደጀን እስከ ወተት አባይ

ብዙ ሰው ጎጃምን የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሌሊት ከአዲስ አበባ ይነሳል፣ ማታ ባሕር ዳር ይገባል። መሐል ያሉት ከተሞች ሻይ የተጠጣባቸው ቦታዎች ሆነው ይቀራሉ። እኔና ጓደኛዬ ግን መኪናም ጊዜም ነበረን። ወሩ ኅዳር፣ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት ዘመን ነበር። ደስ ባለን ቦታ ሁሉ እየቆምን ሄድን።

ጎጃምን አባይ ዙሪያውን ስለሚከባት መግቢያዋ በረሃው ነው። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ በሸሚዝ ይቀራል። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ከፊታችን አንድ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣ ነበር። ለመቅደም አልቸኮልንም። እንዲህ ያለ ገደል በቀስታ ነው የሚታየው።

ደጀን ላይ አየሩ ተመልሶ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ የጤፍ አገር ነው። ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ነፋስ ያስተኛዋል፣ በየመሐሉ የኑግ ቢጫ አለ። ሉማሜን አልፈን ደብረ ማርቆስ አደርን። የድሮው መንቆረር ነው፤ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ በስተሰሜን ጮቄ ወለል ብሎ ታየን። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ብዙዎቹ የጎጃም ወንዞች የሚነሱት ከእሱ ነው።

አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን ቶሎ ቶሎ አለፍናቸው። ቡሬ ግን ገበያ ነበር። የቡሬ በርበሬ ዝናው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል፣ አጠገቡ ሲቆሙ ያስነጥሳል። አንዲት እናት አንድ እፍኝ አንስተው ጆሮዬ አጠገብ አንኮሻኮሹት። ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል ማለት ነው። «ልጄ፣ ቀለሙን አይተሽ አትግዢ፣ አሽተሽ ግዢ» አሉኝ። አሽትቼ ገዛሁ።

በማግስቱ ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ተገነጠልን። ግሽ ዓባይ ጠበል ስለሆነ የበላ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም። ቡሬ ያሉ ሰዎች ስለነገሩን በባዶ ሆዳችን ነው የሄድነው። ያን ሁሉ ገደል የቦረቦረው ወንዝ እዚህ ትንሽ ምንጭ ናት። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እስከዚህ ድረስ ለፍተው መጥተዋል። የአገሬው ሰው ግን የሚያወራው ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ነው። ጻድቁ ወደ እስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ሳይርሱ ተቀበሏቸው ይባላል። ከጠበሉ የሚጠጡትን ሰዎች ፊት ሳይ ታሪኩ ትናንት የሆነ መሰለኝ።

እንጅባራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዘንገና ሐይቅ አለ። ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሳይቆሙ የሚያልፉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን፣ ውኃው ጥልቅና ጸጥ ያለ። እንጅባራ ያለችበት አዊ የፈረስ አገር ነው። በየመንገዱ ያጌጠ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ያጋጥማሉ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው ጥር 23 ነው፤ ጉዟችሁን ከዚያ ጋር ብታገጣጥሙት ትጠቀማላችሁ።

ከዚያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ደን ይበዛል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል። አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያደርገዋል፣ መልሶ ይተክላል። የአዲስ አበባ ምድጃ ላይ የሚነድ ከሰል ከዚህም ይመጣል።

ዳንግላንና ዱርቤቴን አልፈን ወተት አባይ ከተማ ላይ ግልገል አባይ ወንዝን ተሻገርን። መራዊ ስንደርስ ወሩ ኅዳር ሆኖ ማሳው አረንጓዴ ነበር። የቆጋ ግድብ እስከ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ገበሬዎች ቦይ ከፍተው ድንች ያጠጡ ነበር። ጓደኛዬ መኪናውን አቁሞ ስለ ውኃ ተራ ሲጠይቃቸው ባሕር ዳር የምንደርስበት ሰዓት አለፈ።