ለሱሉልታ ዳገት የሚሆን የውድድር ሳይክል ቢነደፍ

ካታሎግ ላይ የሚያምሩት የውድድር ሳይክሎች አብዛኞቹ የሚነደፉት ነፋስ ለመሰንጠቅ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ አካባቢ ግን አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ያ ጥቅም ይቀንሳል፤ ዳገቱ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ከማርሹ እንጀምር፦ ፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 34። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ በደቂቃ 70 ዙር ማለት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጎማው 32 ሚሊ ሜትር፣ ካላማዳሪ የሌለው፣ በየጎማው 40 ሚሊ ሊትር ያህል ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ፊት 50፣ ኋላ 55 ፒ.ኤስ.አይ. የአየር ግፊት ይበቃል። በፍሬሙና በጎማው መካከል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ የክረምት ጭቃ ከጠጠር ጋር ተለውሶ ሲገባ የፍሬሙን ካርቦን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የፍሬን ቱቦን መሪው አንገት ውስጥ መደበቅስ? ለዓይን ነው እንጂ ለዚህ አቧራ አይሆንም። የአንገቱ የላይኛው ኩሽኔታ የዛገ ቀን፣ የ20 ደቂቃ ሥራ የነበረው ኩሽኔታ መቀየር ቱቦ መንቀል፣ ዘይት መሙላት፣ አየር ማስወጣት እየተባለ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በውጭ ይለፍ።

ፍሬኑ ባለ 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይሁን፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ካርቦኑን ያግላል። ክብደቱ 7.5 ኪሎ ቢሆንም አይቆጭም፤ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩ.ሲ.አይ.) ለውድድር ሳይክል ያስቀመጠው ዝቅተኛ የክብደት ገደብ ራሱ 6.8 ነው።