የፒር ሳይላን ስንረጭ፣ የሚበሉትንም ቆጠርን

በዋሽንግተን ስቴት፣ ዌናቺ አካባቢ ፒር የተባለውን ፍራፍሬ የሚያመርቱትን እንቅልፍ የሚነሳ ተባይ ሳይላ ይባላል። ሦስት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከአውሮፓ መጥቶ አሜሪካ ውስጥ በ1832 ታየ፤ ዋሽንግተን የደረሰው በ1939 ነው። የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥና የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ይለቃል። እሱ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፣ የፍሬው ቆዳ ይበላሻል። በለቀማ ጊዜ የሠራተኞቹ እጅና ልብስ ሁሉ ሙጫ ይሆናል።

የትኛው ርጭት እንደሚሻል ለመለየት እርሻውን በብሎክ፣ እያንዳንዱን ብሎክ ደግሞ በክፍሎች ከፈልነው። የትኛው ክፍል የቱን መድኃኒት እንደሚያገኝ በዕጣ ወሰንን። ክፍሎቹን ሰፋ አደረግናቸው፤ ሳይላን የሚበሉት ነፍሳት ከዛፍ ዛፍ ይዘዋወራሉና። በየብሎኩ ያልተረጨ ክፍልም ተውን። ባለእርሻው ይህን አልወደደውም፣ እውነቱን ነው፣ ገንዘቡ ነው። ግን ያለዚያ ተባዩ በመድኃኒቱ ይሙት በሙቀቱ መለያ የለም።

ከመርጨታችን በፊት፣ ውሃ ሲነካት ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የምትቀየር ወረቀት ዛፉ ላይ ከታች እስከ ጫፍ ሰቀልን። ጫፉ ላይ ቢጫ ከቀረች መድኃኒቱ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ የመርጫውን አፍንጫዎችና የትራክተሩን ፍጥነት አስተካከልን። ይህ ሳይደረግ መድኃኒትን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ለቆጠራ ቅርንጫፉን በጎማ ቱቦ እየመታን ከሥሩ በዘረጋነው ጨርቅ ላይ የወደቀውን እንመዘግባለን። እንቁላሉንና ክንፍ ያላወጡትን ግን ቅጠል ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ነው የምናየው።

በመጀመሪያው ሳምንት ፓይሬትሮይድ የተባለ ፀረ-ነፍሳት መድኃኒት የተረጨው ክፍል ከሁሉም ንጹህ ነበር። ጁላይ ላይ ግን ከሁሉም የባሰው እሱ ሆነ። መድኃኒቱ ሳይላን የሚበሉትን ነፍሳት፣ በሳይላ እጮች ውስጥ እንቁላል የምትጥለውን ጥቃቅን ተርብም ጭምር ጨርሷቸዋል። ሳይላ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይራባል፣ መድኃኒትም ይለምዳል።

ደስ ያለኝ የካኦሊኑ ክፍል ነው። ካኦሊን ነጭ የሸክላ ዱቄት ነው፤ እንቡጡ ሳይፈታ፣ ብርዱን ያለፉት ሴት ሳይላዎች እንቁላል ሳይጥሉ ይረጫል። ሳይላን ሳይገድል፣ የተቀባው ዛፍ ላይ እንቁላል እንዳትጥል ያደርጋታል። አዳኞቹ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይተርፋሉ።

አሁን በመመዝገቢያ ቅጻችን ከሳይላው ዓምድ ጎን የአዳኞቹ ዓምድ አለ። ቆጠራውም እስከ ለቀማ ይቀጥላል። አዲስ መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ሰው የሳምንቱን ውጤት ሲያሳየኝ የኦገስቱንም እጠይቀዋለሁ።