ሐሳቤን በፊደል ተራ የሰበሰበልኝ አምላክ

ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሐሳቤ ክሩ እንደ ተበጠሰ መቁጠሪያ ተበትኖ ነበር። ቀን ለቀስተኛ ሳስተናግድ ውዬ ሌሊት ጋደም ስል፣ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ ሳይነሣ የቀረው ስልክና የመጨረሻዋ ማታ ያለ ቅደም ተከተል እየተደራረቡ ይመጡብኛል፤ በዚያ ላይ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ ሰው «መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢወስድ ኖሮ» ብሎ የጀመረው ንግግር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጸሎት ስጀምር ከ«አቤቱ» አላልፍም ነበርና ልመናዬ ይኸው ብቻ ሆነ፦ ሐሳቤን ሰብስብልኝ፣ እውነቱንም አሳየኝ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሰቆቃወ ኤርምያስን በቀን አንዲት ፊደል ብቻ እያልኩ እንዳነብ አዘዙኝ። በባቢሎን ሠራዊት ለተቃጠለችው ኢየሩሳሌም የተለቀሰበት ይህ ግጥም 5 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው በየ22 ቁጥሩ የዕብራይስጥን ፊደል ከአሌፍ እስከ ታው ይከተላሉ፤ 3ኛው ለአንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር እየሰጠ 66 ይደርሳል። የሚጠባው ሕፃን ምላሱ በጥማት ከትናጋው ሲጣበቅ፣ ልጆች እንጀራ ለምነው የሚቆርስላቸው ሲያጡ፣ ያ ሁሉ መከራ በ4ኛው ምዕራፍ በዳሌጥ ሥር ቦታውን ይዞ ተጽፏል። ሐዘኑ ምንም ሳይቀነስለት ተራ ተሰጥቶታል።

የእኛም ፊደል በአ በ ገ ደ ተራ ይቆጠራልና፣ እኔም በተማሪ ደብተር ላይ ለየፊደሉ አንዳንድ ስንኝ መጻፍ ጀመርኩ። ስንኞቼ ቤት አይመቱም፣ ለሰውም የሚነበቡ አይደሉም። መ ላይ ስደርስ «መድኃኒቱን» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ፤ ተነሥቼ ባዶውን ማሸጊያ ከመሳቢያ አውጥቼ ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር ባመሳክረው፣ እስከ መጨረሻዋ ማታ ድረስ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳላለፈችው አየሁ። ስንኙንም «መድኃኒቱን ከእጄ ተቀብሎ ዋጠ፤ ማታም እንደ ጠዋቱ» ብዬ ጨረስኩት። በዚያች ሌሊት ሳልነቃ ነጋልኝ፤ የእግዚአብሔር መልስ ነው ብዬ ለመመስከር የደፈርኩትም ስለዚህ ነው።

ሐዘኑ አለ። ምዕራፍ 5 ራሱ 22 ቁጥሮች እያሉት የፊደሉን ተራ አይጠብቅም፤ የእኔም ቀን አንዳንዴ እንደዚያው ይውላል። ንስሐ አባቴ አሁን ደግሞ መዝሙር 118ን ሰጥተውኛል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቁጥር፣ በጠቅላላው 176 ነው። ገና ጋሜል ላይ ነኝ።