«ታማሚው ደስ አላለኝም»

በአሜሪካ የሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ እየተማሩ የሚሠሩ ሐኪሞች) የሥራ ዓመት በአብዛኛው የሚጀምረው ጁላይ 1 ቀን ነው። እኔም ሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ ክፍል ኢንተርን፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ሆኜ ስጀምር ዕውቀቴ እንዳያንስ ሰጋሁ እንጂ ከነርሶች ጋር መሥራት ይቸግረኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር። አገር ቤት «ሲስተር» ማለት የለመደ አንደበቴ፣ እዚህ በዕድሜ የምትበልጠኝን ሁሉ በስሟ ብቻ መጥራት እስኪለምድ ጊዜ ወስዶበታል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ፔጀሬ (የመጥሪያ መሣሪያዬ) ጮኸ። መልሼ ስደውል ከ20 ዓመት በላይ የሠራች ፊሊፒናዊት ነርስ፣ «ታማሚው ደስ አላለኝም» አለችኝ። የደም ግፊቱንና ትኩሳቱን ጠየቅኋት፤ ቁጥሮቹ ከሞላ ጎደል ደህና ነበሩ። ድንገተኛ ክፍል አዲስ ታማሚዎች ይጠብቁኝ ስለነበር፣ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመሽ ለክተሽ ንገሪኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አርባ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የአስቸኳይ ቡድኑ ወደዚያው ክፍል ሲጠራ በድምፅ ማጉያ ሰማሁ። የጠራችው እርሷ ነበረች፤ ለዚህ ደግሞ የሐኪም ፈቃድ አያስፈልጋትም።

ስደርስ ሰውየው በደቂቃ 32 ጊዜ ይተነፍስ ነበር፤ ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነቱን አውኮታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ከቀናት በኋላ ድኖ ወጣ። ሌሊት ምን እንዳየች ስጠይቃት፣ «ማታ ስለ ልጁ ሲያጫውተኝ የነበረ ሰው፣ ውሃ ስሰጠው ብርጭቆውን ይዞ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው» አለችኝ። የአእምሮ መዛባትና የትንፋሽ መፍጠን የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት ሊታዩ እንደሚችሉ ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ እርሷ ግን አይታዋለች።

ጠዋት ቡና ስንጠጣ፣ በዚያው ክፍል የሚሠሩና በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ኢትዮጵያዊት ነርስ ጉዳዩን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ነርስ የምትጠራህ ለቁጥሩ አይደለም፤ ቁጥሩንማ ኮምፒውተሩ ላይ ታየዋለህ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሌሊት ዲዩቲ፣ ነርሶቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተቀያይረው ርክክባቸውን እስኪጨርሱ እጠብቅና እየዞርሁ «ዛሬ የሚያሳስብሽ የትኛው ነው?» እላለሁ። አስቸኳይ ትእዛዝ ሲኖረኝ ኮምፒውተር ላይ ጽፌ ብቻ አልተውም፤ ሄጄ በቃል እነግራለሁ፤ ምክንያቱንም እጨምራለሁ። ፉሮሴማይድ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ያዘዝሁት ሳንባው ውሃ ስለያዘ መሆኑን ያወቀች ነርስ፣ ሽንቱ ሲያንስ ሳልጠይቃት ትደውላለች። የተጠቀምሁበትን መርፌም ራሴው አስወግዳለሁ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን አልጋ ላይ የተረሳ መርፌ የሚወጋው በአብዛኛው አልጋውን የምታነጥፈውን ነው።

ነርስ ሁሉ ሁልጊዜ ትክክል ናት ማለቴ አይደለም፤ እስከ ጠዋት ሊቆይ ለሚችል ጉዳይ ከእንቅልፍ የቀሰቀሱኝም አሉ። ባለፈው ወር ያችው ፊሊፒናዊት በሌሊት ጠርታኝ ሄድሁ። ታማሚውን መርምሬ ምንም አላገኘሁበትም፤ ብርድ ልብሱ ወድቆ በርዶት ኖሯል። ይቅርታ ስትለኝ፣ እኔ ሌላ ብርድ ልብስ ከየት እንደሚመጣ እየጠየቅኋት ነበር።