አንዱ ብሎን ገባ፣ አራቱ እምቢ አሉ

እሑድ ማታ ነው። እጄ አሁንም ጎማ ጎማ ይሸታል። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤው ያው ነው።

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ጀምሮ ሆድ ብሶኝ ነበር። ምክንያቱን ራሴንም አልጠየቅሁት። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ፤ አሮጊቷን፣ ጥንታዊቷን ፒካፔን፣ አስነሥቼ መንገድ እወጣለሁ። ሰበብም አላጣሁም። የእህቴን የልብስ ስፌት መኪና መመለስ ነበረብኝ፤ ከኋላ ጭኜ፣ በገመድ አስሬ፣ ሸራ አልብሼ ወጣሁ።

ጭር ያለ መንገድ ላይ የኋላው ግራ ጎማ ተነፈሰ። የፊት ጎማ ሲሆን መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ የኋላው ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚያውቀው ወገብ ነው። መኪናዋ ከሥርህ መዋኘት ትጀምራለች። ፍሬን አልያዝኩም። ነዳጁን ለቅቄ በራሷ ጊዜ እስክትዘገይ ጠበቅሁና ደልዳላ ቦታ ሳገኝ ዳር ያዝኩ።

ቆሜ ሳያት አንድ ነገር ገረመኝ። ሰው ሲተነፍስ በሕይወት አለ እንላለን፤ ጎማ ሲተነፍስ አለቀለት ማለት ነው። የልቡን ለሰው የነገረም «ተነፈሰ» ይባላል። ከሦስቱ የእኔ የትኛው እንደሆነ እያሰብኩ ጥቂት ደቂቃ ቆምኩ። መኪና ያለፈ ቢኖር ያበድኩ ይመስለው ነበር።

ወደ ሥራው ልመለስ። አሮጊቷ ዝቅ ብላ እንድትሄድ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ያማረባት ለዚህ ነው፤ ጎማዋ ሲተነፍስ ደግሞ ከሥሯ ክሪክ የሚያስገባ ክፍተት የሚጠፋው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ወፍራም ጣውላ ይዤ እዞራለሁ፤ የተነፈሰውን ጎማ ቀስ ብዬ ጣውላው ላይ አወጣዋለሁ፣ ክሪኩ የሚገባበት አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር ይገኛል። በዚህ ብልሃቴ ሁልጊዜ እኮራለሁ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ ላላ ላላ አደረግኋቸው። የጓደኛዬ የመ. አሮጌ ዶጅ ብትሆን ኖሮ የግራ ጎን ዳዶዎቿ በተቃራኒው ነበር የሚፈቱት፤ የዚያ ፋብሪካ የድሮ መኪኖች እንዲህ ናቸው። እሱ ይህን ያወቀው አንዱን ብሎን ከሰበረ በኋላ ነው። እንዴት እንደሳቅሁበት አስታውሳለሁ።

የተነፈሰውን አወረድኩ። ስኮርታውን፣ ተጠባባቂውን ጎማ፣ ከስፖንዳው (ከጭነቱ ጎን ግድግዳ) ላይ አወረድኩ፣ እያንከባለልኩ አመጣሁ፣ በጉልበቴ ደግፌ አነሣሁት። አንዱ ብሎን ቀዳዳውን አግኝቶ ገባ። አራቱ እምቢ አሉ።

አዞርኩት። አሁንም አንዱ ገባ፣ አራቱ እምቢ አሉ።

እ.ኤ.አ. የ1934 ፎርድ ፒካፕ ናት። የዚያ ዘመን ፎርድ አምስት የጎማ ብሎኖች አሉት፤ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 5.5 ኢንች ነው። የፊቶቹ ዛሬም እንደዚያው ናቸው። የኋላውን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎቹ የሚያካፍለውን) ግን ሞተሩን እንዲችል ብዬ ከሌላ መኪና በመጣ ቀይሬዋለሁ፤ የእሱ ክብ 4.5 ኢንች ነው። የቀየርኩት እኔ፣ የለካሁት እኔ፣ «ለኋላው ሌላ ስኮርታ እፈልጋለሁ» ብዬ ማስታወሻ ላይ የጻፍኩትም እኔ። ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያን ጎማ ጭኜ ስዞር ለክፉ ቀን የተዘጋጀሁ ሰው ነኝ ብዬ በሰላም እነዳ ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ስኮርታ ማን ፈለሰፈ? አንብቤዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ ዌልስ ውስጥ፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ፣ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ከዚያ በፊት መኪኖች ተጠባባቂ ጎማ ይዘው አይወጡም ነበር፤ ጎማ ሲተነፍስ እዚያው መንገድ ላይ ተቀምጦ መለጠፍ ነው። የወንድማማቾቹ ሥራ የተነፋ ጎማ ያለው ባዶ ቀለበት ነበር፤ ከተነፈሰው እግር ጎን ይጠመድና ጉዞ ይቀጥላል። ሱቃቸው በስቴፕኒ ጎዳና ስለነበር ዕቃው ስቴፕኒ ተባለ፤ ሕንዶች ዛሬም ስኮርታን በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ ቃሉን ከጣሊያን ወሰድን። በእነሱ ቋንቋ ስኮርታ ለችግር ጊዜ የተቀመጠ ማለት ነው፣ አጃቢ ማለትም ነው። የእኔው በሁለተኛው ትርጉም ብቻ ሲያገለግል ከርሟል። አጅቦኛል።

የተወጋውን እንዴት እንደጠገንኩት በአጭሩ ልጻፍ። የኋላው ጎማ ከመነዳሪ (አየር የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ) የለውም፤ ስለዚህ ምስማሩን በጉጠት ነቅዬ፣ ቀዳዳውን በወስፌ አስፍቼ፣ ሙጫ የጠጣውን የጎማ ክር በትልቁ መርፌ ወጋሁት። ምራቄን ቀብቼ አየሁ፤ አረፋ አልወጣም። ለዚህ ቀን የገዛሁት የኤሌክትሪክ መንፊያ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ አሮጊቷ ግን እንደተወለደች በ6 ቮልት ናት፣ አቃስቶ ዝም አለ። (ይህንንም አውቅ ነበር።) በእግር መንፊያው መቶ ሃያ ጊዜ ከረገጥኩ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ከውጭ በክር የተደፈነ ጎማ ተፈትቶ ከውስጥ እስኪለጠፍ ድረስ ለጊዜው ነውና እያዘገምኩ ተመለስኩ።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር አጽናናኝ። የፊቶቹ ባለ ሽቦ ቸርኬ ናቸው፣ ከመነዳሪ አላቸው፤ እነሱ ሲበሱ በክር አይደፈኑም፣ ስኮርታ የግድ ነው። ስኮርታው ደግሞ ለፊት ልክ ነው። የኋላው ስኮርታ የለውም፣ እሱ ግን በክር ይደፈናል። ታዲያ ሳላስበው ሁሉም ነገር በቦታው አይደለም? ቤት እስክደርስ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ቤት ደርሼ ስኮርታውን በመብራት አየሁት። ጎኑ ላይ የተሠራበትን ቀን የሚያሳዩት አራት አኃዞች 3208 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2008 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ የዚህኛው ጎን እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባልኝ። እሱም ተንፍሷል፣ ማንም ሳይሰማው።

ከዚያ ምን አደረግሁ? መልሼ ስፖንዳው ላይ አሰርኩት። ቦታው ባዶ ሲሆን ዓይኔ አልወደደውም። ባለቤቴ በመስኮት እያየችኝ ነበር፤ ምንም አላለችም፣ መጋረጃውን ብቻ ሳበች።

ገመዱን ሳጠብቅ እጄ ከሸራው ሥር የሆነ ጠንካራ ነገር ነካ። የስፌት መኪናው። መንገድ ዳር መርፌና ክር ይዤ ያን ያህል ጊዜ ስቀመጥ እንኳን ትዝ አላለኝም። እህቴ፣ ይህን የምታነብቢ ከሆነ፣ ቀሚሱ ለመቼ ነበር የሚደርሰው ያልሽኝ?